ሁለት ጆንያ ጎደለ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሂርማታ፣ መጋዘኑ ላይ፣
«ዚያዳ፣ ሁለት ጆንያ ጎደለ» አለኝ ተማም፣ ዓይኑ ከሚዛኑ ሳይለይ።
ጆንያው ግን ቆሟል፤ ቆጥሬዋለሁ፣ በጣቴ፣ አንድ በአንድ፤
የጠፋው እኔ በሲ ቋንቋ ከጻፍኩት፣ ከኮዱ ሆድ።

አራት ዓመት ሠርቷል፤ ማንም አልከሰሰው፤
ፓይተን ሲጠራው «አቤት» የሚል፣ ፈጣን፣ ጨዋ ሰው።
ለካ ጨዋ ያደረገው በር ላይ የቆመው ዘበኛ፣
አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ የማይጋደም፣ የማይተኛ፤
አንዱ ሳይወጣ ሌላውን ወደ ውስጥ የማያሳልፍ፣
ክሩን ሁሉ በተራ የሚያቆም፣ እንደ አጂፕ ባጃጅ ሰልፍ።

በአዲሱ እትም ዘበኛው ጡረታ ወጣ።
በሩ ተከፈተ፤ ያ ሁሉ ክር በአንዴ መጣ።

ድምሩን ለሁሉ የጋራ አድርጌ እላይ ነበር የሰቀልኩት፤
ልጅነት ነው፤ ቤቱ የብቻዬ መስሎኝ ነው የጻፍኩት።
አንዱ ክር ያነባል፦ መቶ አርባ። ሌላውም፦ መቶ አርባ።
ይሄም አንድ ይጨምራል፣ ያም አንድ፤ ሁለት ጆንያ ገባ፤
ሰሌዳው ላይ፦ መቶ አርባ አንድ።
ይህ በቀን ሁለት ጊዜ።

ማንም አልሰረቀም፤ ሁለቱም ያዩትን ተናገሩ፤
ከተማም ደሞዝ ግን ሁለት ጆንያ ሊቆረጥ ነው ነገሩ።

ማታ፣ ኪቶ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ ኮዱን ዳግም አነበብኩት፤
በየመስመሩ የውሰት ዕቃ፣ የራሴ አስመስዬ ያስቀመጥኩት።
የጅማ በርጩማ ነው፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፤
ልቀመጥ ጎንበስ ስል፣ ሌላው ክር «ባለቤት የለውም» ብሎ ሳበ።

የተዋስኩትን ሁሉ «ይዤዋለሁ» ብዬ አስመዘገብኩ፤
ስጨርስ «ለቅቄያለሁ»። ድምሩን ከአደባባይ ወደ ጓዳ መለስኩ።
ለቀረው የጋራ ነገር ትንንሽ ቁልፍ አበጀሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጸጥ። ማሽኑ አልሞተም፣ አልሠራም።
አንዱ የሚዛኑን ቁልፍ ይዞ የመዝገቡን ይጠብቃል፣
ሌላው የመዝገቡን ይዞ የሚዛኑን፤
ሁለት ጋሪ ተፋጠው፣ ከአዌቱ ድልድይ መሐል፤
ማን ወደ ኋላ ይበል?

ሕግ አወጣሁ፦ ሚዛን ይቅደም፣ መዝገብ ይከተል፤ ሌላ የለም።
እንዲህ ቀላል ነው። እስከዚያ ሌሊት ግን አላውቅም።

ጠዋት ተማም በደብተሩ፣ በእርሳስ፣ ቆጥሮ ጠበቀኝ፤
«ሦስት መቶ ስምንት።» ማሽኑም ሦስት መቶ ስምንት አለኝ።
ስለ ደሞዙ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁበትም፤
ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።
ጣለው አላልኩትም።