የ«ት» ቦታ

ጎተንበርግ፣ ማዮርና፣ ከትራሙ ማቆሚያ ጎን፣
አንዲት ሱቅ አለችኝ፣ የምታህል ሣጥን።
ፎልከ የሚሉት አዛውንት ሲሞት ያወረሰኝ፤
የውሻ ስም፣ የበር ስም፣ የመቃብር ናስ ነው የሚያኖረኝ።
ግን በየኅዳሩ፣ በረዶ ሳይጥል ዝናቡ ሲጠና፣
የማኅበራችን ሰዎች ይመጣሉና፣
ዋንጫ እቀርጻለሁ፤
በግዕዝ ፊደል፣ በስዊድን ናስ፣ ሁለት ሽልማት እጽፋለሁ፦

ምርጥ ድምፃዊ።
ምርጥ ድምፃዊት።

ዐሥራ ሁለት ዓመት፤
ልዩነታቸው አንድ ፊደል፣ አንዲት ት።
ሂሳቡ በፊደል ነው፤ ተደራድረን ያኔ፣
ለሴቷ ዋንጫ ዐሥር ክሮና እጨምራለሁ እኔ።

ዘንድሮ አቶ ልሳነወርቅ ገቡ፣ ጃንጥላ እያራገፉ፦
«አንድ ዋንጫ ብቻ፤ ወንድና ሴት አብረው ይሰለፉ።
ድምፅ ጢም የለው፣ ድምፅ ጡት የለው፣
ጉሮሮ ጉሮሮ ነው።
ት-ዋን ተዋት፤ ወጪም ይቀንሳል፤
ስዊድኑ ‹ሄን› ብሎ ቃል ቀምሮ የለ? ማን ከማን ያንሳል?»

ወይዘሮ ትርንጎ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጓንታቸውን ሳያወልቁ፣
መስታወቱን በጣታቸው መቱት፣ ሳይስቁ፦
«ት ስትነሣ የሚቀረውን እስቲ አንብበው፤
‹ድምፃዊ›፤ ማን ነው እሱ? ወንድ ነው!
የሁላችን ያላችሁት ቃል የእናንተ ሆኖ ተገኘ፤
ከዘጠኝ እጩ ሰባቱ ጢማም፣ አንዷ ሴት፤ ማን አየ፣ ማን ዳኘ?
አንድ ወንበር ሲቀር ማን እንደሚቀመጥ እኔ አውቃለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሜ አይቻለሁ።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰባትና አንድ ስምንት፣ ቆጠርኩና ዝም፤
ዘጠነኛው ሲጠየቅ አነሡ የጽጌን ስም።

ጽጌ ከማልሞ፤ ሁለት ዜማ በስልክ የተቀዳ፣
ያለ ፎቶ፣ ያለ ዕድሜ፤ ለዳኞቹ ዕዳ።
ድምፁ ከታች ይነሣል፣ እንደ ጀልባ ሞተር፣
ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ቀጭን ብርሃን ሊያሳድር።
ስሙም አይረዳም፤ ጽጌ ወንድ ነው፣ ጽጌ ሴት፤
አጎቴ ጽጌ ነበር፣ የጎረቤታችንም ሚስት።
አንዱ ዳኛ «ዘፈነ» ሲል አንዷ «ዘፈነች» እያለች፣
ሌሊቱ ነጋ፤ አንዲት ነጥብ አልተጻፈች።
«እርስዎን በየትኛው እንመዝግብ?» ብለው ደወሉ፤
«አሁን እንደ ጠራችሁኝ» ብለው ጽጌ ስልኩን ዘጉት አሉ።

እርስዎ! ለካ እኛም ነበረን፣ ከሄን በፊት፣
ወንድ ሴት የማይል፤ ለእንግዳ፣ ለዳኛ፣ ለአማት።
አክብሮት ስንቀርበው ፆታን ይጋርዳል፤
ስንላመድ ደግሞ አንተ አንቺ ይወርዳል።
ግን ናስ ጠባብ ነው፤ ግስ አያሳርፍ፣
እርስዎ ተብሎ ዋንጫ ላይ አይጻፍ።

«ምርጥ ድምፅ ብንለውስ?» አልኩ። ልሳነወርቅ ተቆጡ፦
«ለጉሮሮ ነው እንዴ ዋንጫ? ሰው የለም ወይ በውስጡ?»
ያኔ ሳቁ ትርንጎ፤ ቀብድ ከፍለው ወጡ።

ማታ፣ የትራሙ መብራት ግድግዳዬን ልሶ ሲያልፍ፣
ናሱን አሰርኩት፤ ጀመርኩ ልጽፍ።
ም። ር። ጥ።
ድ። ም። ፃ። ዊ።
እጄ ቆመ።

አንዴ ውድነሽ መጥታ ነበር ከቦሮስ፣ ዋንጫዋን በፌስታል አንጠልጥላ፣
«ፋቅልኝ ይህችን ት፤ የበለጥኩት ሴት ብቻ ነው?» ብላ።
ፋቅሁላት። ጠባሳው ግን ቀረ፤
ከጻፍኩት ይልቅ የፋቅሁት ተናገረ።

መሃል ላስገባው እችል ነበር፤ ተውኩት።
በቀኝ በኩል የአንድ ፊደል ወርድ፣ ባዶ፣ በጨርቅ ወለወልኩት።
ከሥር ደግሞ ለስም የሚሆን መስመር፤
ስሙን፣ ስሟን፣ ስማቸውን ገና አልላኩልኝም ነበር።

አቶ ልሳነወርቅ ሊያዩት መጡ። «ወደ ግራ አዘንብሏል» አሉ።
ትርንጎ ባዶውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ዝም አሉ።
በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ያየሁት፣
ከመዶሻዬ አጠገብ፣
ዐሥር ክሮና።