የማያድር ቁልፍ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
ምድር ቤት ያለው ማሽን ብርድ እንደያዘው ሰው ያስላል።
ታች ኮምቦልቻ፣ ከሙቀቱ አገር፣ መሬማ ነቅታለች፣
የሕፃን ደም ውጤት ይዛ መስመር ትጠብቃለች።
በመሐላችን ሐረጎ፤ መታጠፊያ በመታጠፊያ ላይ፣
ጭነት መኪና የሚያቃስትበት፣ ሽቦው ከገደሉ በላይ።
ሽቦው የማንም ነው። እንደ ሰኞ ገበያ
ጆሮውን የጣለ አይጠፋም ከዚያ።

“ማን ልበል?” ይላል የኔው። የሷ ማሽን ወረቀቱን
ይዘረጋል፦ ስሙን፣ ማህተሙን፣ የሚያበቃበትን ቀኑን፣
የፈረመለትን አለቃ። አለቃውም ሌላ ፈራሚ አለው፣
ያም ከበላዩ ሌላ፤ ሽቅብ ስትወጣው ስትወጣው
ጫፍ ላይ አንድ ብቻ ይቀራል፣ ማንም ያልፈረመለት፣
ራሱ ለራሱ ቆሞ የመሰከረለት።
ሳቄ ይመጣል። ግን እሱን ካላመንኩ ማንን ላምን?
የቀበሌ መታወቂያስ፣ መነሻው ሦስት ሰው ማመን።

የመሬማ አባት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ሲቀምም ኖረ፤
“አንዴ የተዋሃደ ቀለም ተመልሶ አይፈታም” እያለ አስተማረ።
እኛም እንደሱ ነን።
እሷ አንድ ቁጥር በልቧ፣ እኔም አንድ በልቤ ይዘን፣
ከጋራው ቀለም ቀይጠን፣
ቅይጡን ተለዋወጥን፤ ያውም በግላጭ፣ ገበያው እያየን።
የሷን ቅይጥ በኔ ቁጥር፣ የኔን በሷ ብንነክረው
አንድ ዓይነት ቀለም ወጣ። ያ ነው ቁልፉ። ማንም አልላከው፣
ማንም አላየው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አንድ ቁልፍ ነበረን፣
ሰባት ዓመት በሱ ዘግተን፣ በሱ ከፍተን
መሳቢያ ውስጥ ያኖርነው።
በዚያ ክፉ ኅዳር፣ ማሽኑን ከነጠረጴዛው ጭነው የሄዱ ለታ
ይመር ስለ ስክሪኑ አለቀሰ። እኔ ስለ መሳቢያው።
የስንቱ ሰው ገመና፣ የስንቷ ሴት ምርመራ፣ የሰባት ዓመት ደም
በዚያች አንዲት ቁልፍ ተከፈተ ወይ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ የዛሬው አያድርም። ወሬው ሲያልቅ ይሞታል፤
ነገ ሌባ ቢመጣ ባዶ መሳቢያ ይከፍታል፤
ዛሬ ከሽቦው የቀዳውንም ዕድሜ ልኩን ቢያገላብጠው
ቀለም ነው። ቀለም ብቻ ነው።

“ደረሰህ?” ትለኛለች። “ደረሰኝ።”
ፎቅ ላይ ሐኪሟ ውጤቱን ታነባለች፤
ቁልፉ ከደረጃው ሳትደርስ ሞቷል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የመሬማ ወረቀት
ጳጉሜን አምስት ያበቃል፣ እኩለ ሌሊት።
ካላሳደስነው፣ ይህ ማሽን “ማን ልበል?” ብሎ፣ አይቶ፣
“አላውቃትም” ይላል፤ በሩን ይዘጋባታል፤
እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ፣ ስልኩን በጆሮዬ ይዤ፣
ሳሏን ሳይቀር እያወቅሁት።