ያኮረፈ ቅልጥም

«አልተሰበረም» አለኝ ወጌሻው እንድሪስ፣
ከጉልበቴ በታች አውራ ጣቱን ሲያወርድ ቀስ፣
«አልዞረም፣ አልወለቀም፣ ውስጡም አልደማም፤
ያኮረፈ ነው እንጂ በስብራት አይታማም።
ምን በድለሽው ነው?»
ዝም አልኩት።
የቱን አውጥቼ ልንገረው?

ስምንት ሰዓት ሌሊት ክር ስቀጥል አቁሜው፣
ሲነጋ በሚኒባስ ደሴ ተሸክሜው፣
ከጦሳ ሥር ተነስቼ ሐረጎን ቁልቁለት፣
የመንገዱን ግፊት ቆጥሬው ለጉልበት፣
ሰዓቴን እያየሁ ስኩራራ፣ ስኮፈስ፣
አሰልጣኝ ሙሄ በብስክሌት ከኋላዬ ሲደርስ፣
«አንቺ መች ሮጥሽና? ሐረጎ ነው ያስሮጠሽ፤
ዳገቱ ላይ ነው እኔ የማውቅሽ» ብሎኝ ነበር።
ሳቅሁበት።

መጀመሪያ ክር ነበር፤ ቀጭን፣ የማይታይ፣
ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ በአጥንቱ ጠርዝ ወደ ላይ፣
ስሞቅ የሚጠፋ፣ ስቀዘቅዝ የሚመጣ፤
ኋላ ግን ከአልጋ ስወርድም እንደ ምስማር የሚወጣ።

ክር ሊበጠስ ሲል ይንቀጠቀጣል፤
ይሄንን ጣቴ ዓይን ሳያስፈልገው ያውቃል።
ለእግሬ ግን አልነገረው።
እጅና እግር የአንድ ሰው ቢሆኑም፣
የማይጠያየቁ ጎረቤት ናቸው።

መካሪ እንደሆነ አይታጣም።
የፈረቃ አለቃችን፦ «ቅልጥም ለቅልጥም ነው፤
ከሥጋ ቤት አምጥተሽ ሾርባውን ጠጪው።»
ዘምዘም ጫማዬን ገልብጣ፦ «እዪው፣ በአንድ ጎኑ አልቋል፤
ሰልባጅ ገዝተሽ የሰው አረማመድ ይዘሽ መጥተሻል!»
እናቴ በስልክ፦ «አብሽሪ ልጄ፣ ቀስ በይ፤
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»
እውነቷን ነው፤
ግን የእንቁላልን ቅልጥም ማን አይቶታል?

እንድሪስ ቅባቱን ከጣቱ እየጠረገ፣
«ያኮረፈን ጎትቶ ማንም አልታረቀ።
ሽማግሌ ላኪበት።»

ላክሁበት።
ከጁስ ቤት በፌስታል በረዶ ለምኜ፣
ከፈረቃ መልስ አልጋ ጫፍ ሆኜ፣
እንደ ሕፃን አስታቀፍኩት፤ እስኪደነዝዝ፣
እስኪቀላ፣ ውሃው ወለሉ ላይ እስኪፈስ።
ከዚያ አሥራ አምስት ቀን፤ ሳልሮጥ የቆጠርኩት፤
ሰዓቴን ከእጄ አውልቄ ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት።
የቦርከና ዳር ሣር ግን ከሁሉ ዘግይቶ መጣ፤
ጤዛ ያሸበተው፣ የማይቸኩል፣ የማይቆጣ፤
በእርምጃ ስሄድበት እግሬን ሲቀበለው፣
አስፋልቱ ለካ ይህን ያህል ዘመን
መልሶ ሲመታው ነበር እያልኩ፣ ማረኝ አልኩት፤ ቅልጥሜን ነው።

ኩርፊያ በአንድ ቀን አይፈታም።
ጠዋት «እሺ» ይላል፤
ማታ ደረጃ ስወጣ «አይሆንም»።
አምስት ደቂቃ ስሮጥ፣ ሁለት ስራመድ፣
«ደከመሽ እንዴ?» ይሉኛል የትምህርት ቤት ልጆች በመንገድ።
«አዎ» እላቸዋለሁ። ይኼው ነው።

የኅዳሩ ግማሽ ማራቶን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤
ሙሄ ቁጥሬን ወስዶ ኪሱ ውስጥ አጥፎታል፤
«ትሮጫለሽ?» አይለኝም፣ እኔም አልጠይቀው፤
መጀመሪያ የሚጠየቅ ሌላ ሰው ስላለው።

ትናንት ወደ ደሴ፣ ለእንድሪስ ልታይ፣
በሚኒባስ ስወጣ፣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ፣
አንዲት ልጅ ቁልቁል ትበራለች፤
ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ እግር እንዳላት ረስታለች።
ፈገግታዋን አወቅሁት፤ የኔ ነበር።
መስኮቱን ገፋሁት፤ «ቀስ በይ!» ልላት ነበር፤
ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ አንገቱን በፎጣ የሸፈነ፣
«ዝጊው እንጂ እህቴ! ብርድ መታን!» ብሎ ቀወጠ።
ዘጋሁት።
መስታወቱ በትንፋሼ ደበዘዘ።
ጠመዝማዛው ልጅቷን ጠቀለላት፣
ክር በማጠንጠኛ እንደሚጠቀለል፤
ዞሬ ሳይ የለችም።

መቼ እንደወረደ እንጃ፣
እጄ ቅልጥሜን ይዞ ነበር።