በአንድ ድርሃም

በመውጫው በር አንድ ሰው ወረቀት ከፍ አድርጎ ቆሟል፣
ስሜን ጽፎ ሲጨርስ ሁለት ፊደል ውጧል፤
ትብለጥ መሆኔ ቀርቶ «ቲብል» ሆኛለሁ፣
ግድ የለም፤ በመርከቡ መዝገብ ላይ አለሁ።

ሻንጣዬ ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ጫማዬ አዲስ፣ ጥቁር፣
በደረት ኪሴ ውስጥ የባሕረኛ ደብተር፤
አንድም ማኅተም የለው፣ ገጹ ሁሉ ባዶ፣
እንደ ተማሪ ደብተር፣ በመስከረም፣ ማልዶ።

ሹፌሩ ነው፤ ጉልዛማን፤ የስዋት ሸለቆ ሰው፣
ዴይራን እንደ እጁ መዳፍ አገላብጦ የሚያውቀው።
«መርከቧ መቼ ትነሣለች?» ሲለኝ በመስታወቱ፣
«ዐሥራ አንድ» አልኩት በወጥ ቤት ዐረብኛ፤ ልማድ ነው ክፋቱ።
ዘና አለ። መስኮቱን ዝቅ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ፣
ነዳጅ ቀዳ፣ ሻይ ገዛ፣ ዝርዝር ፍራንክ ፈለገ፤
ልጁ ጋ ደውሎ ስለ ፈተናዋ ጠየቀ፣
ስንት እንዳገኘች ነግራው መሰለኝ፣ መሪውን እየመታ ሳቀ።

እኔ መንገዱን አያለሁ። ዱባይ ሦስት ዓመት ኖሬ ነበር፣
በአራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከዚሁ ማዶ፣ በአንድ ሰፈር፤
ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ባለች የእጅ ስፋት መስኮት
ውሃው ይታየኝ ነበር፣ ጀልባ ሲመላለስበት።
ማዳም የበሩን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትተኛው፣
ውሃው ለእኔ ሥዕል ነበር፣ የማይሸት፣ የማልነካው።
ስንት ድስት ፈተግኩ፣ ዓይኔ እዚያ ማዶ ሲያድር።
«መሻገሪያው አንድ ድርሃም ነው» ብላኛለች ማርሊን በልብስ ማስጫው አጥር፤
አንድ ድርሃም አላጣሁም፤ ያጣሁት በሩን ነበር።

ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆመ፣
ፊት ለፊት ቀይ መብራት፣ ከኋላ ጥሩምባ ተመመ።
«አንደርስም ወይ?» አልኩት። «ኧረ ምን ቸኮልሽ፣ እህቴ፣
ሰባት ሰዓት ሙሉ አለን!» ያኔ ራደ ጉልበቴ።
ያቺ ዐሥራ አንድ የኔ ነበረች፣ ከንጋት የተቆጠረች፣
ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትደውል፣ ከአገሬ አብራኝ የመጣች፤
የሱ ዐሥራ አንድ ጨረቃ አላት፣ እራት በልታ ነው የምትመጣው።
እንዴት ብዬ ላስረዳው?
አንድ እጄን ዘርግቼ አሳየሁት፦ አምስት ጣት።
መስታወቱ ውስጥ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ሬዲዮኗንም አጠፋት።

መሪውን ጠመዘዘ፤ ከቅመም ሱቆቹ ጥግ ተጠጋ፣
«ውሃ» አለ፣ «መብራት የለው፣ መንገዱም አይዘጋ፤
በአብራ ተሻገሪ፣
ማዶ ስትደርሺ ሌላ ታክሲ ጥሪ።»

ኪሴን ዳበስኩ፦ አንዲት የታጠፈች መቶ ዶላር።
ሳቄ መጣ፤ እንባም ነበር።
ያኔ ድርሃም ነበረኝ፣ በር አልነበረኝም፣
ዛሬ በሩ ወለል ብሏል፣ ድርሃሙ ግን የለኝም።
ጉልዛማን ዝርዝር የፈለገው ለዚህ ኖሯል መሰለኝ፣
ከሲጋራ መተርኮሻው አንድ ሳንቲም አንሥቶ ሰጠኝ።

ሻንጣዬን አቅፌ ከግንበኞች መሃል ገባሁ፣
ናፍጣና ዓሣ ሸተተኝ፤ ውሃ ጫማዬን ረጨው፣ እግሬን አላነሣሁ።
ዞር ብዬ መስኮቴን ፈለግኩ። መቶ መስኮት ነው ያለው፣
ሁሉም የእጅ ስፋት፣ ሁሉም ላይ ጨርቅ የተሰጣው፤
የቱ ነበር የኔ? አላወቅኩትም።
አሁን እዚያ ማን እንደቆመች ግን አልጠፋኝም።

መርከቧ የተጋደመች ፎቅ ናት። ለዐሥራ አንድ ሩብ ሲቀራት
«ቲብል?» አለ መዝጋቢው። ስሜን ፊደል በፊደል ቆጠርኩለት፤ ሳይወድ አረማት።
ሥራዬ ሳህን ማጠብ ነው፤ ነገ ሁለት ሺህ ይጠብቀኛል፣
ክፍሌ ከውሃው በታች ነው፣ መስኮት ከየት ይገኛል?
በር ግን አለው። ቁልፉን
በክር አስሬ አንገቴ ላይ አደረግኩት፣
ማዳም እንደምታደርገው፤
ከዚያ በሩን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣
ደግሜ ከፈትኩት።