እጅ ከፍንጅ

ከቺሎዔ ደቡብ፣ ዝናብ በማይሰንፍበት፣
የሳልሞን ሆድ ስቀድ አነጋለሁ ሌሊት።
ቢላዬ ያውቀዋል የአጥንቱን መንገድ፣
እኔ ግን ሐሳቤ ጫካ ነው የሚሄድ።

ካሜራውን የገዛሁት በአሥራ አንድ ወር ዱቤ
ከዶን ኦኖፍሬ ነው፣ ቆርጬ ከቀለቤ።
መስተዋቱ የተጫረ፣ ማንገቻው የተቋጠረ፣
አንድ ቁልፉ ደግሞ ከነአካቴው የቀረ።
"ወፍ እንኳ አይይዝልሽም" ብሎኝ ነበር ስቆ፤
ዝም አልኩ፤ ባለዕዳ ምን ይላል ተጨንቆ።

ከውሻ ግልገል የማትበልጥ፣ ከሰል የመሰለች፣
ጆሮዋ ሥር ብቻ ዝገት የተቀባች
ቀበሮ አለች እዚህ። ባሕር እስኪሸሽ ጠብቃ፣
ሸርጣን ልትለቅም ከጥሻው ተላቃ፣
ብቅ ትላለች።
አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ ከሌት ፈረቃ መልስ፣
ድንጋይ ተተግኜ፣ እስክርስ፣ እስክበሰብስ፣
ጠበቅኋት። ያገኘሁት ጭራ ብቻ። ጭራ!
አንዳንዴም እንደ ጢስ የደበዘዘ አሻራ።

ያን ዕለት ግን ቆመች።
የባሕር ሣር እንደ ሪባን ከከንፈሯ ወርዶ፣
የጧት ጮራ ከደመና ስንጥቅ ተወልዶ፣
ዓይኗ ቀጥ ብሎ፣ ሁለት የረጠበ ዘር፣
ልታናግረኝ ነው የምትመስል ነበር።
ፋብሪካው በሙሉ ስልክ ለስልክ ተቀባበለ፤
"በነፍሷ ነው ያየችሽ!" አለ፣ ሁሉም አለ።

ጋልቫሪኖ፣ የእኅቴ ልጅ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣
"ይኸው፣ የዓለም ውድድር፤ የዱር እንስሳ ፎቶ።
መመዝገቢያው ክፍያ የሁለት ቀን ደሞዝ፤
ሽልማቱ ግን፣ አክስቴ፣ ጀልባ የሚያስይዝ።"

ስም፣ ኤርሲሊያ። አገር፣ ቺሌ። የፎቶው ርእስ፣
"ጎረቤት" አልኩ። ጣቴ ከታች ሲደርስ
አንዲት ጥያቄ አለች፣ በደቃቅ ፊደል፤
"እንስሳው እንዲቀርብ ምግብ አኑረዋል?"
"አዎ"። "የለም"። ባዶ፣ ሁለት ትንንሽ ሳጥን፣
እንደ ጫጩት አፍ የተከፈቱ ጎን ለጎን።

ዓሣ የሚገማው፣ ይባላል፣ ከአናቱ ነው።
የእኔም ከዚያ ጀመረ፤ ያን ሌሊት ከፋብሪካው
በካፖርቴ ኪስ የሳልሞን አናት ሰርቄ፣
ከድንጋዩ ጀርባ፣ ከፎቶው ጠርዝ አርቄ፣
አስቀመጥኩ። ያ ዓይን፣ ያ የነፍስ አስተያየት፣
ያየው እኔን አይደል። ያየው የሞተ አናት።

"የለም በይ!" ይላል ልጁ፤ "ማን ያውቃል? ማን አይቶ?"
ድንጋዩ ያውቃል። ኪሴም፣ እስካሁን ሸትቶ።

ሻይ ፈላ፣ ቀዘቀዘ፤ ዝናብ ቆርቆሮ መታ፤
"ሌላውን ክፈት" አልኩት፣ "የጭራዋን"፣ በርጋታ።
ጀርባ ሰጥታኝ ስትሄድ፣ የማንም ሳትሆን፣
ግማሿን ጭጋግ ውጦ፣ ዐለቱ ብቻውን።
"የለም" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን ጣልኩ፤
የሁለት ቀን ደሞዜን ለጭራ ከፈልኩ።

መልሱ በሦስት ወር መጣ፤ ሁለት መስመር፣ ጨዋ፤
"እናመሰግናለን" ይላል። ሄደች ጀልባዋ።

በማግስቱ ወረድኩ፣ ያለ ካሜራ፣ ብቻዬን፣
ከፈረቃ መልስ፣ ሦስቴ ታጥቤ እጄን።
ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ባሕሩ ሸሸ፤
ጭጋጉም ከዳር ጀምሮ እየሳሳ ሟሸሸ።
መጣች።
ሸርጣኑን አልፋ፣ የባሕር ሣሩን አልፋ፣ ወደ እኔ፣
በክንድ ርቀት ቆመች፤ እስትንፋሷ ከጎኔ።
አፍንጫዋን አንሥታ ጣቶቼን አሸተተች፣
አንድ በአንድ፣ እንደ ቆጣሪ፣ ሒሳብ እንደያዘች፤
ሃያ ሁለት ዓመት የሳልሞን ደም የጠጣ
ቆዳዬን፣ በሳሙና፣ በሎሚ የማይወጣ።

እንግዲህ በዚያ ሁሉ ወር፣ ባዶ እጄን ነኝ ስል፣
ነፋሱ ከእኔ ወደ ጥሻው ሲነፍስ፣ ምን ልበል?
ለዚህ ቅጹ ሳጥን የለው።
እጅ ከፍንጅ ተይዤ፣ ዘረጋሁት፤ ላሰችው።