ሠላሳ ሰከንድ

ዉች ማለት ጀልባ ነው በፖላንዶች ቋንቋ፤
ወንዞቿን ግን ውጣ፣ በቱቦ ውስጥ አንቃ
ከአስፋልት በታች ሰደደቻቸው።
ዛሬም በሌሊት ያጉረመርማሉ፤
ሰምተናል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ።

ቦጉሚላ ሄደች፣ መቅረጫ አንጠልጥላ፤
በየካቲት ውርጭ ተንበርክካ ውላ፣
ከጉድጓድ ክዳን ላይ ማይኩን ደቅና
አራት ደቂቃ ወንዝ ቀድታ መጣች በክር።
የመጀመሪያ ሥራዋ ይኸው ነበር።
አለቃው አዳምጦ «የሽንት ቤት ነው?» አላት፤
ማክሰኞ፣ ከዜና በኋላ፣ ግን ለቀቀላት።

እኔ በዚያ ጣቢያ ክር ቆራጭ ነበርኩ፤
በምላጭ፣ በማጣበቂያ፣ ስንቱን አሳመርኩ።
ሰው ሲናገር «እ...» ይላል፤ «እ»ውን እቆርጣለሁ፤
ሳሉን፣ የደገመውን ቃል፣ ትንፋሹን እጥላለሁ።
ማታ ወለላችን ትንፋሽ ለብሶ ያድራል።
እሷ ግን ጎንበስ ብላ ከመሬት ታነሣና
አንዷን በብርሃን አይታ «ይቺን መልሳት» ትላለች፤
«ሴትዮዋ እዚህ ጋ ነው ልትዋሽ የቆረጠች።»

ሌኦካዲያን አገኘናት፣ ሸማኔዋን።
ሠላሳ አንድ ዓመት ለማሽን ገብራ ጆሮዋን
ከንፈር ታነብባለች። ቦጉሚላም ድምፅ አላወጣች፤
ጥያቄዋን በከንፈሯ ብቻ ጠየቀች።
ክሩ ላይ የቀረው መልሱ ነው፦
«ፋብሪካው ሲዘጋ ዝም አለ አሉኝ፤
እኔ ምን አውቃለሁ፤ ለኔ ዛሬም ይሠራል።»

ስንወጣ፣ እንደ ልማዷ፣ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አለች፤
የባዶ ክፍሉን ድምፅ ሠላሳ ሰከንድ ቀረጸች፣
ለመጣፊያ።
የተቆረጠ ሁሉ በዝምታ ነው የሚሰፋ።
«ምን እየቀዳሽ ነው?» አለች አሮጊቷ።
«ዝምታ።»
«የትኛውን?»

ቴሌቪዥን ወሰዳት። የበጀት ፎርም፣ ስብሰባ፣
«ሃምሳው ደቂቃ ሃያ ስድስት ይሁን»፣ «መጨረሻው አያስለቅስም»።
በአንድ ክረምት፣ ሚስት የሞተችበት ሰው
የመኝታ ቤቷን በር ካሜራው ፊት ከፈተው፤
መብራቱ ልክ አልነበረም።
«እባክዎን፣ አንድ ጊዜ ይድገሙት» አለችው።
ደገመው።
በዚያ በር ተሸለመች፤ የብርጭቆ ወፍ፣ ከእብነ በረድ መቆሚያው ጋር፤
ቢሮዋ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራው ነበር።

ስሟ በስክሪኑ ላይ ሁለት ሰከንድ ይሮጣል፤
ግማሹን የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ይውጠዋል።
«በናንተ ቋንቋ ሥራዬ ምን ይባላል?» አለችኝ አንድ ቀን።
«አዘጋጅ» አልኳት። «የሠርግ ቤት ሰውም ስሙ ይኸው ነው፤
ለሙሽራው ሲጨፈር ጓዳ ቀርቶ ወጥ የሚያማስለው።»
ልትለው ሞከረች። «ጅ» ለምላሷ አልሆን ብሎ
ሳስቶ «አዘጋች» ሆነ፤ እኔ «ዘጋች» ብዬ ሰማሁ።
ያንን በር አሰብኩ። አላረምኳትም።

ጡረታ የወጣች ቀን ኬክ ነበር፣ ንግግር አልነበረም።
የጫማ ካርቶን ሰጠችኝ፤ ክሮች፣ በእጅ ጽሑፏ፦
«ወጥ ቤት፣ ሌኦካዲያ»፤ «የዳኛው ቢሮ»፤
«ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ»፤
አንዱ ላይ «በር» ብቻ ይላል።

ትናንት ማታ አሮጌውን ማጫወቻ አስነሥቼ
ሰማኋቸው። ማቀዝቀዣ። ሰዓት። ትራም፣ ከሩቅ።
ከዚያ፣ ለማይኩ በጣም ቀርቦ፣ ሰው ይተነፍሳል፤
ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰማ ተጠንቅቆ።
በየካርቶኑ ክር፣ በየክፍሉ፣ ያው አንድ ሰው።

ይህን መቁረጥ ነበር የኔ ሥራ።
ምላጩን የት እንዳደረግሁት እንጃ።