የሰባት ዓመት አፍ

ልጄ ሺኖ ሳቀች፣ ሩዝ ስትበላ ማታ፤
ሁለት ጥርሶች አየሁ በአንድ ጥርስ ቦታ።
አንዱ ገና ሳይለቅ፣ ሌላው ከኋላ ገፍቶ፣
እንደ ችኩል መንገደኛ ወረፋውን ረስቶ።

«ተያት» አለች አማቴ፤ «ምኑ ያስቸኩላል?
የወተቱ ይውደቅ፣ ቀሪው ራሱ ይስተካከላል።»
የትምህርት ቤቷ ነርስ ግን፣ በወረቀት ጫፍ ላይ፣
«ሰባት ሞልቷታል» ብላ፣ «በጥርስ አስተካካይ ትታይ።»

የካቲት ነው በኦታሩ፤ መንገድ በበረዶ ይጠፋል።
ከዓሣ ፋብሪካው ፈረቃዬን ቀይሬ፣
ሥጋቴን ከሳንቲም ጋር በመሐረብ ቋጥሬ
ወጣን።
አውቶቡስ ውስጥ ጠየቀች፦ «ሽቦ ያስሩልኛል?
እንደ አትክልት አጥር? ስስቅስ ይወጋኛል?»

መልስ አልነበረኝም፤ አፌን በሻርፕ ሸፈንኩ።
እኔም አንድ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣
ማንም አፌን ሳያይ። የቀኝ ክራንቻዬ
ከሰልፉ ወጥቶ ቀረ፣ ሆነ መታወቂያዬ።
ባሌ ታኩሮ «የወደድኩት ያንን ጥርስ ነው» ይላል፤
ሲጠጣ ይምላል፣ ሳይጠጣም ይደግማል።
መስማቱ ደስ ይለኛል። ግን በፎቶው ሁሉ
ከንፈሬ ግጥም ነው፤ ዓይኖቼ ብቻ ይስቃሉ።

ዶክተር ኩሬባያሺ ጠና ያለች ሴት ናት፤
መስታወቷን በመዳፏ አሙቃ አስገባችላት።
ቆጠረች፣ አስነከሰች፣ ራጁን ሰቅላ አየች፣
ገና ያልበቀሉትን በጣቷ አሳየች፤
ነጭ ነጭ ሆነው፣ በአጥንት ውስጥ ተኝተው፣
ተራ ይጠብቃሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«ሽቦ የለም» አለች። ሺኖ ተነፈሰች።
«የወተቷ ብቻ ትነቀል» ብላ ጻፈች።
«መንጋጋዋ ገና ያድጋል፤ በስድስት ወር አምጫት፤
ብረቱ ይቆይ፤ ለጊዜው ዓይን ነው የሚበጃት።»
«ዘግይተን ይሆን?» አልኩ።
«ለማየት ጊዜው ይኸው ነው።»
ዓይኗ ክራንቻዬ ላይ አርፎ፣ ምንም ሳትል አለፈች፤
ለዚህ ወደድኳት።

የታች ጥርስ በእኛ ደንብ ጣሪያ ላይ ይጣላል፣
አዲሱ ሽቅብ እንዲያድግ። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ጣሪያ ከየት ይመጣል?
ታኩሮ ከሰገነት አነጣጥሮ ጣለው
የብስክሌት ማቆሚያው ላይ፤ በረዶው ዋጠው።

«የአንቺስ የት ተጣለ?» ብላ ጠየቀችኝ።
አላስታውስም።
አፌን ከፈትኩላት፤ በጣቷ ቆጠረችልኝ።